ክላክስ እየቆጠርኩ ጅማ ደርሼ መጣሁ

ማክሰኞ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ

የጭነት ባቡር ሹፌር ነኝ። ከእንዶዴ ጣቢያ ተነስቼ ወደ ምሥራቅ እወርዳለሁ፣ ኮንቴይነር ይዤ እመለሳለሁ። የማውቀው አገር ሁሉ በዚያ በኩል ነው፤ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ። ጅማን የማውቃት በቡናዋና በባለሦስት እግር በርጩማዋ ብቻ ነበር። የዓመት ፈቃዴ ሲደርስ አጎቴ፣ "ቤት ተቀምጠህ ቴሌቪዥን ላይ ከምታፈጥ ከኔ ጋር ና፤ ጋቢናው ቦታ አለው" አሉኝ። በኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጅማ መመላለስ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሲሄዱ ሳሙናና ፓስታ፣ ሲመለሱ ቡና ነው የሚጭኑት።

ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳን። አጎቴ፣ ረዳቱና እኔ። ገና ሰበታ ሳንደርስ ረዳቱ እግሬን እያየ ይስቅ ጀመር። "ፍሬን እየያዝክ ነው እንዴ?" አለኝ። አይ፣ ፍሬን አልነበረም። ባቡሩ ላይ ጡሩምባው በእጅም በእግርም ይነፋል። ለካ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ባየሁ ቁጥር እግሬ ፔዳሉን እየፈለገ ወለል ይረግጣል።

ደብተሬን አውጥቼ የአጎቴን ክላክስ መቁጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። ሰበታን ስንወጣ 31። ቱሉ ቦሎ ላይ 58። ወሊሶ ስንገባ ባጃጆቹ በዙና ቁጥሩ ጠፋኝ። ግን ከቁጥሩ ይልቅ ዓይነቱ ገረመኝ። አጭር "ጢጥ" ለሚያውቁት ሹፌር ሰላምታ ነው። ሁለት "ጢጥ ጢጥ" ላሳለፋቸው መኪና ምስጋና ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ለሚሄድ ሰው አንዴ ነክተው ይተዋሉ። ዞር ብሎ ካያቸው በቃ፣ አይደግሙም። አህያ ላይ ግን ጭራሽ አይነፉም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "አህያ ቢነፋባትም ያው ናት። የሚሰማው ባለቤቷ ነው፤ እሱ ደግሞ ይደነግጥና አህያዋን መትቶ ወደኔ ያመጣታል" አሉ።

ማታ ወልቂጤ አደርን። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። በክትፎ አገር አድሮ ሽሮ መብላት ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች አይጾሙም ነበር። ስለ ሽታው ምንም አልልም።

እራት ላይ አጎቴ፣ "እናንተስ መቼ ነው የምትነፉት?" አሉኝ። በጣቴ ቆጠርኩላቸው። ስነሳ። ማቋረጫ ስቃረብ። ሐዲድ ዳር የሚሠራ ሰው ሳይ። ፊቴን የሚጋርድ ኩርባና ድልድይ ላይ ስደርስ። ጭጋግ ሲሆን። ንፋ የሚል ምልክት ከተተከለ እሱ ጋ። ሰው ወይም ከብት ሐዲድ ላይ ካለ ደግሞ የማንም ትእዛዝ አያስፈልገኝም። ለርዝመቱም ደንብ አለው። በቻይናውያን ደንብ ረጅም የሚባለው 3 ሰከንድ፣ አጭሩ 1 ሰከንድ ነው። አሜሪካኖች ለማቋረጫ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም ይነፋሉ፤ ያውም ባቡሩ ማቋረጫው ላይ ሊደርስ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ሲቀረው። እንግሊዞች ደግሞ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሐዲድ ላይ ሰው ካልታየ በስተቀር፣ ምልክቱ ጋ ሲደርሱም አይነፉም። ሰፈሩ ይተኛ ብለው ነው።

"ያንን ደንብ ወልቂጤ ቢያመጡልን" አሉ አጎቴ። ሌሊቱን ሙሉ ከመኝታ ክፍላችን መስኮት ሥር ተሳቢዎች እየነፉ ሲያልፉ አደሩ።

ረቡዕ፦ ጊቤን ወርዶ ጅማ

ንጋት 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀመርን። ከወልቂጤ ወዲያ መሬቱ ወደ ጊቤ ይወርዳል። ብርዱን ትተን ወደ ሙቀት ገባን፤ ረዳቱ ጃኬቱን አወለቀ። መንገድ ዳር ዝንጀሮዎች ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ይገመግማሉ። ሙዝ ወርዋሪ ስለሚጠብቁ ክላክስ ሲሰሙ ከመሸሽ ይልቅ ይጠጋሉ።

አጎቴ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የሚወርዱት። ፍሬን እንዳይግል እግራቸውን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚያሳርፉት። በዚህ በኩል ዘመዳሞች ነን። ባቡርም ቁልቁለት ላይ በአየር ፍሬን ብቻ አይወርድም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ራሳቸው ይዘው ያወርዱታል።

ፊት ለፊት የማይታይባቸው ኩርባዎች ላይ ሲደርሱ አንድ ረጅም ይነፉና ዝም ይላሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ያዳምጣሉ። ገደሉ የራሳቸውን ድምፅ ይመልስላቸዋል። አንዳንዴ ግን ከወዲያኛው በኩል ሌላ ድምፅ ይመጣል፣ ወፈር ያለ። "ተሳቢ ነው፣ ጭነት አለው" ይላሉና ወደ ቀኝ ይጠጋሉ። ኩርባውን ስንዞር እውነትም ተሳቢ ነው፣ እውነትም ተጭኗል።

እዚህ ላይ ቀናሁ። ለእኔ የሚመልስልኝ የለም። ከአዳማ በኋላ ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ ከፊቴ ሌላ ባቡር እንዳይመጣ የሚጠብቀኝ ሲግናል እንጂ ጡሩምባ አይደለም። ነፍቼ ዝም ስል የምሰማው ንፋስ ነው። የጡሩምባዬ ትርጉምም እንደሳቸው አይደለም። የሳቸው ክላክስ "አለሁ፣ አንተስ?" ነው። የእኔ "መቆም አልችልም" ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ80 ስሄድ በሰከንድ 22 ሜትር እጨርሳለሁ፤ 20 ሰከንድ 440 ሜትር ማለት ነው። የአጎቴ መኪና ከነጭነቷ 15 ቶን አትሞላም። ባቡሩ እስከ 3,500 ቶን ይጎትታል። ጎማና አስፋልት ይያያዛሉ፤ ብረት በብረት ላይ ግን ይንሸራተታል። የፍሬኑ አየር ራሱ ከፊት እስከ መጨረሻው ፉርጎ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሬን ለእኔ የዕቃ ጉዳይ ነው። ለሰውና ለከብት ያለኝ ጡሩምባ ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ከተነፋ።

ሶኮሩን አልፈን፣ ከሰዓት በኋላ አሰንዳቦ ስንቃረብ፣ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶች መንገዱን ሞሉት። አጎቴ ከሩቅ አንድ አጭር ነፉ። እረኛው ልጅ ዞር አለ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከመሪው መሃል አንስተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ በዝግታ ተጠጉ። ከብቶቹ ግራና ቀኝ እየታከኩን አለፉ። የአንዷ ቀንድ ስፖኪዮውን ጫር አደረገው። አጎቴ ምንም አላሉም።

ለማንም ደጋግሜ የማላወራውን ነገር የነገርኳቸው ያኔ ነው። ከሚኤሶ ወዲያ፣ ጠዋት ነበር። ግመሎች ሐዲድ ዳር ቆመው ከሩቅ አየሁ። ነፋሁ፤ መሻገር ጀመሩ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቶሎ ይበሉልኝ ብዬ እጄን ከጡሩምባው አላነሳሁም። መንጋው ለሁለት ተከፈለ። ትልልቆቹ ወዲያ ማዶ ደረሱ፤ ግልገሏ ወዲህ ቀረች። እናትየው ተመለሰች። ግመል ሲደነግጥ ወደ ጎን አይወርድም። የሐዲዱ ጠጠር ተዳፋት ስለሆነ እግሩን ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህ ደልዳላውን መርጦ በሁለቱ ብረት መሃል ወደ ፊት ይሮጣል። ሁለቱም ከፊቴ ይሮጡ ጀመር። ፍሬን ያዝኩ፤ ግን ነገርኳችሁ፣ ሒሳቡን።

ድምፁ ትንሽ ነው። ሰው ትልቅ ይመስለዋል።

ባቡሩ ቆሞ በእግሬ ወደ ኋላ ስመለስ እረኛው ሽርጡን ሰብስቦ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ብሎ ባቡሩን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየውና እንደገና አቀረቀረ። ነገሩ በሽማግሌና በወረቀት አለቀ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መንጋ ሲሻገር አንዴ ቀድሜ እነፋለሁ፣ መሻገር ከጀመሩ ግን እጄን እሰበስባለሁ። በደንቡ ተጽፎ ያየሁት ነገር አይደለም።

አጎቴ ሰርቦ እስክንደርስ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "እሷ ብትሆን ኖሮ አንተን አትነፋብህም ነበር" አሉ። ግልገሏን ነው፣ እናትየዋን ነው፣ አልገባኝም። አልጠየቅኩም።

ጅማ የገባነው ሲመሽ ነው።

ሐሙስ፦ ገበያና ጅሬን

ሐሙስ የጅማ ገበያ ቀን ነው። አጎቴ ጭነታቸውን ሲያራግፉ እኔ በመርካቶው ዞርኩ። ድሮ ይህ ቦታ ሂርማታ ይባል ነበር፤ ትልቅ የሐሙስ ገበያ ነበረው፤ የቅፍለት ነጋዴ ከሩቅ ይመጣበት ነበር። አሁን ባጃጅ ይመጣበታል። ባጃጆቹ ክላክስ የሚያደርጉት ለማስጠንቀቅ ብቻ አይደለም። "ትሄዳለህ?" ለማለትም ነው። ቆሜ ባሰብኩ ቁጥር ሦስት ባጃጅ ይነፋብኛል። በርጩማ ከአንድ እንጨት ጠርበው የሚሸጡበት ጋ ቆሜ እግሮቹን ሳገላብጥ አንዲት እናት የተሻለ የሚሸጥበትን ሊነግሩኝ፣ "ባቡር መንገዱን ተሻግረህ" አሉኝ። ልቤ ዘለለ። ጅማ ላይ ሐዲድ? ለካ አስፋልቱን ነው። መኪና ሲመጣ ስሙን የተዋሰው ከባቡር ነውና በብዙ ቦታ የመኪና መንገድ "ባቡር መንገድ" ይባል ነበር። እሳቸው አልተዉትም። ሁለት በርጩማ ገዛሁ፣ መንገዱን ሳልሻገር።

ከምሳ በኋላ በባጃጅ ጅሬን ወጣሁ፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ነው። የእንጨት ሥራው ሰፊ ሰገነት አለው፣ መስጊዱም ከጎኑ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፤ ከምኒልክ ጋር በስምምነት ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አድነዋል። ሰገነቱ ላይ ቆሜ ዓመቶቹን ስደምር አንድ ነገር መጣልኝ። የባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ እሳቸው እዚህ ነግሠው ነበር። የጅማ ቡና ያን ባቡር ለማግኘት መጀመሪያ በበቅሎ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። ዛሬ በአጎቴ መኪና ይደርሳል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጊዜ ወደ ጅማ የሚመጣ ሐዲድ ካርታ ላይ ተሰምሮ ነበር። እኛ ሐዲድ ላይ የምንሠራ ልጆች ካርታውን ግድግዳ ላይ አይተነዋል። መሬት ላይ ግን የለም።

ከላይ ሆኖ ከተማውን ሲያዩት ጸጥ ያለ ይመስላል። ነፋሱ ሲዞር ግን የባጃጆቹ ክላክስ እስከ ኮረብታው ይወጣል፣ ቀጭን ሆኖ፣ እንደ ጫጩት።

ዓርብ፦ አጋሮ መንገድ

ቡናው ያለው ከአጋሮ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። ኅዳር ለቀማው የደራበት ወር ነው። ቀዩ እሸት በቅርጫት ይመጣል። የተለቀመው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ አንዳንዱ በየደጁ ምንጣፍ ላይ ነው። አጎቴ በየምንጣፉ አጠገብ ሲደርሱ በእግር የሚሄዱ ያህል ይዘገያሉ። "አቧራ በቡና ላይ ከነዛህ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይሸጥልህም" አሉኝ።

የምንጭንበት ግቢ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሀጂ ይላቸዋል። አጎቴ በኦሮምኛ አስተዋወቁኝ፤ "የእህቴ ልጅ ነው፣ ባቡር ነው የሚሠራው" አሉ። ሀጂ ፊታቸው በራ። እጄን ይዘው፣ ቡናም ሳይቀርብልኝ፣ ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ቆሟል። በገጠሩ ወፍጮም ባቡር ነው። ቆሞባቸዋል፤ ሰው እህል ተሸክሞ ሌላ መንደር ድረስ እየሄደ ነው። እኔ 25 ሺህ ቮልት የሚጎትተኝ ሰው ነኝ ብዬ ማስረዳት ከየት ልጀምር?

ረዳቱ እየሳቀ ተከተለኝ። ጎንበስ ብለን አየነው። ቺንጋው ከአንዱ ጎማ ወጥቶ ተጣሟል፤ ጠርዙ ተልትሏል። ፈታ አድርገን፣ ገልብጠን መለስነውና ወጠርነው። ሀጂ ማስነሻውን ራሳቸው አዞሩ። ሁለቴ አስነጠሰ፤ ሦስተኛው ላይ ቱክ ቱክ ቱክ ብሎ ተነሳ። ወዲያው ከጎረቤት አንዲት ልጅ በሩጫ መጣች፣ ከኋላዋ ጆንያ የተሸከመች እናት። ማንም አልጠራቸውም። ድምፁ ነው የጠራቸው። ሀጂ ለአጎቴ፣ "ጎበዝ ባቡረኛ ነው" አሉላቸው። በሥራዬ ከተመሰገንኩበት ቀን ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ከዚያ ቡናው መጣ፣ በጀበና፣ ከተቀቀለ በቆሎ ጋር። ስለዚያ ቡና አንድ ገጽ ልጽፍ ነበር፤ ግን የጠጣ ያውቀዋል።

ጭነቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ የዓርብ ሶላት ሰዓት ሆነ። ጫኞቹ ኬሻውን ባለበት አስቀምጠው እግራቸውን ታጥበው ሄዱ። እኛ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከግቢው ውጭ ሌላ መኪና መጥቶ መንገድ ይለቀቅልኝ ብሎ መንፋት ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። መስጊዱ ከዚያ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። አጎቴ ተነስተው ሄዱ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ጋቢናው በር ላይ ክንዳቸውን ደግፈው እንደ ዘመድ ትንሽ አወሩት። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ መጥቶ ከእኛ ጋር በቆሎ በላ። የመጀመሪያ ጉዞው ነበር። ክላክስ ካላደረገ የተኛ የሚመስላቸው አለቃ እንዳለው ነገረን።

ማታ ጅማ ስንመለስ አጎቴ፣ "ደብተርህ ስንት ደረሰ?" አሉኝ። ዛሬ ከአጋሮ መገንጠያ እስከ ሀጂ ግቢ ድረስ 4 ብቻ ነው አልኳቸው። "ሦስት ነው" አሉ፤ "አንዱ ጉድጓድ ስንገባ ክንዴ ነክቶት ነው።"

ቅዳሜ፦ መልስ

ቡናው ከኋላ ስለሆነ ጋቢናው ራሱ ይሸታል። በማለዳ ወጣን። የዚህን ቀን ብዙ አልጽፍም፤ መንገዱ ያው ነው፣ አሁን ግን ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ዳገት ሆኗል። ኬላ ላይ ትንሽ ቆምን። ሰኞ ሌሊት ሥራ እገባለሁ፤ እግሬ ግን ወለል መርገጡን ትቷል። ረዳቱ ነው የነገረኝ።

ከአሰንዳቦ ትንሽ ወጣ ብለን እንደገና ከብት ገጠመን። አጎቴ ከሩቅ አንዴ ነኩትና ተጠግተው ቆሙ። ላሞቹ ወደ ግራ ተሻገሩ። አንድ ጥጃ በቀኝ በኩል ቀረ። ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። አስፋልቱን አሸተተና ወደ ኋላ አለ። እናቱ ከማዶ ዞራ ጠራችው። አልመጣም።

እጄን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ከኋላችን ዶልፊን መጥቶ ቆመ፤ ሊነፋ ነው ብዬ ዞርኩ። አጎቴ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ታች፣ ቀስ፣ እንደሚባለው አድርገው አወዛወዙለት። ሞተር አጠፉ። እረኛዋ ትንሽ ልጅ ናት። ተመልሳ መጥታ የጥጃውን አንገት አቅፋ፣ በጉልበቷ ከኋላ እየገፋች አሻገረችው። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆመች። ቀና ብላ ጋቢናውን አየች።

"ሃይላንድ!" አለች።

የውሃ ላስቲኬን ባዶ አድርጌ ወረወርኩላት። በአንድ እጇ ቀለበችው፤ በሌላው ጥጃውን አልለቀቀችም።